የሰባት ቅምሻ ምሳ በእማ ዘቢባ ቤት

ይህን የምጽፈው ሰው ላስደነግጥ ብዬ አይደለም። ወላሂ ሆኗል።

እኔ ዓቢር እባላለሁ። እዚያ ገበታ ላይ ነበርኩ፤ ከባለቤቴ እህት ከነሲማ በስተቀኝ። ማመን ያቃተው ሰው እዚህ ላይ ያቁም፣ ማንም አልለመነውም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል።

ልብ በሉ... ቀን ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አልጮኸም። ጎረቤት ልብስ እያሰጣ ነበር።

ቦታው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ የአማቴ የእማ ዘቢባ ቤት ነው።

እማ ዘቢባ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ባለቤቴ ዓሊዪና ታላቅ እህቱ ነሲማ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ዓሊዪ ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሰው ነው፣ ነሲማ ደግሞ ከሰው ጋር እንኳ አታወራም። ቤቱ ሰው አጥቶ ከሚፈርስ ብለው ያሬድ ለሚባል ሼፍ አከራዩት።

ያሬድ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር አሥራ አንድ ዓመት ሲያበስል ኖሮ ተመለሰ። ቤቱን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ግድግዳውን አልነካም፣ መደቡን አልነካም። የፈረንሳይ ምግብ በሐረር ቤት ነው የማበላው" አለ።

ምግቡ ሰባት ጊዜ ይቀርባል። በየጊዜው አንድ ሰፊ ነጭ ሳህን ይመጣል፤ መሃሉ ላይ ጉርሻ የምታህል ነገር ተቀምጣለች። እሱን አጣጥመህ ስትጨርስ ሌላው ይመጣል። ያሬድ "ሰባት ቅምሻ" ይለዋል። ዓሊዪ ይህን ሲሰማ፣ "ኧረ አቦ! ሰባቴ ቀምሼ ስምንተኛው ላይ ነው እንግዲህ የምበላው?" ብሎ አሳቀን።

ሬስቶራንቱ ለሰው ከመከፈቱ በፊት ባለቤቶቹ ይቅመሱልኝ ብሎ ጋበዘን። እኔ፣ ዓሊዪና ነሲማ።

ነሲማ አልሄድም ብላ ነበር። እጇን ይዤ የጎተትኳት እኔ ነኝ።

ስለ ነሲማ ልንገራችሁ። እናቷን አራት ዓመት ብቻዋን ያስታመመች ሴት ናት። እኛ የምንኖረው አቦከር ነው፤ ዓርብ ዓርብ እየመጣን፣ የሠራችውን በልተን፣ "አላህ ይስጥሽ፣ ጀነትን ነው የገዛሽው" ብለናት እንመለሳለን። ምርቃት ደግሞ ልብስ አያጥብም።

እማ ዘቢባ በመጨረሻ ሰው መለየት ትተው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሳቸው ግን በር ከፍተው ይወጡና ሸዋ በር ድረስ ሄደው ሚኒባስ ውስጥ ይገባሉ። "ሰውዬው ከባቢሌ ደርሷል?" እያሉ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ሁለት ጊዜ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ መንገድ ላይ ባዶ እግራቸውን አግኝተናቸዋል። ስለዚህ ተማከርንና ክፍል ውስጥ ተቆለፈባቸው። ተማከርን ነው የምላችሁ። ቁልፉን የያዘችው ነሲማ ብትሆንም፣ "ጥሩ ነው" ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔም ነኝ።

ጥር 2005 ላይ ሞቱ። "ምግብ አልወርድ ብሏት ነው" አለችን ነሲማ። እኛም ለለቀስተኛው ይህንኑ አልን።

ከዚያ ወዲህ ነሲማ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

"ዓቢር... እማ አፉ ብላኝ የሞተች ይመስልሻል?"

እናቱ አፉ ሳትለው፣ ይቅር ሳትለው የተለያት ልጅ አላህ ፊት ምን ይዞ ይቆማል? ይህን ማንም የሐረር ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ሐዘን ነው ብዬ፣ "ምን በድለሻት ነው አፉ የምትልሽ?" እላታለሁ።



ወደዚያ ቀን ልመለስ።

የሐረር ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀይ የተቀቡ መደቦች ከፍ ዝቅ ብለው ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ ሳህንና ስፌት ተሰቅሏል። ከመደቡ ጎን ኪርታት የሚባል ጠባብ ክፍል አለ። የሙሽሮች ክፍል ነው። ድሮ ሙሽሮቹ ሰባት ቀን ከዚያ አይወጡም፤ ምግባቸውን ግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ይቀበላሉ። አንድ ሳህን የምታሳልፍ መስኮት ናት።

እማ ዘቢባ ተቆልፎባቸው የነበረው እዚያ ክፍል ነው። ምግባቸውም በዚያችው መስኮት ነበር የሚገባው።

ያሬድ ይህን አያውቅም። እሱ ኪርታቱን ምግብ ማሰናጃ አደረገው። በግቢው ማድቤት የበሰለው ነገር በጓሮ በር ወደ ኪርታቱ ይገባል። ማህሌት የምትባል ረዳቱ እዚያ ቆማ በሚዛን እየመዘነች ሳህን ላይ ታወጣና በመስኮቷ ታቀብለዋለች። እሱ ከዚህ በኩል ተቀብሎ ለእኛ ያቀርባል።

"ድሮ ከውጭ ወደ ውስጥ ነበር አሉኝ" አለ እየሳቀ። "እኔ ከውስጥ ወደ ውጭ አደረግሁት።"

ነሲማ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ሌላ ቦታ እንቀመጥ።"

"ምን ሆንሽ?"

"መስኮቷ ፊት ለፊቴ ናት።"

"ታዲያ ትበላሻለች?" አልኳት። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን ሁሉ ብመልሰው እወድ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ተቀመጥን። ያሬድ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ለእኛ ብሎ ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት አስመጥቷል። ያረደውን ሰው ስም ሳይቀር ነገረን። ደግሞ ወሩ የነቢያት ጾም ነበር፤ እሱም ማህሌትም ይጾማሉ። ቅቤውንም ሥጋውንም አይቀምሱትም። "ስለዚህ ምላሴ ሚዛኑ ነው። ሁሉም እኩል ነው፣ በግራም" አለ።

በግራም እንዳለ አስታውሱልኝ።

አንደኛው ቅምሻ የሽንኩርት ሾርባ ነበር፣ በትንሽ ኩባያ። የመጀመሪያው ለታላቅ ነውና ለነሲማ ተሰጠ። የእኔና የዓሊዪ ኩባያ እስከ አንገቱ ሞልቷል። የነሲማ ጎደል ብሏል።

ማን ልብ ይላል? ቢስሚላህ ብለን ጠጣነው፤ ግሩም ነበር።

ነሲማ ግን በማንኪያ ቆጠረችው። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። ሦስት ማንኪያ ሆነ።

ሁለተኛው ፓቴ መጣ። ጉበት ተፈጭቶ በቅቤ የረጋ፣ ከተጠበሰ ዳቦ ጋር። የእኛ ሦስት ጣት የሚሰፋ ነው። የነሲማ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው።

ዓሊዪ አየውና ሳቀ። "ነሲማ፣ ሰው ለባለቤት አይሰስትም! ምን አድርገሽው ነው ይህ ሰውዬ?"

ያሬድ ፊቱ ቀላ። "ይቅርታ፣ አሁን አስተካክላለሁ።"

"ምንም አይደል" አለች ነሲማ። ድምጿ አይሰማም ነበር።

ሦስተኛው ድንች በክሬም ነው፣ ከላዩ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ። ያሬድ ራሱ መስኮቷ ጋ ቆመ። የመጀመሪያውን ሳህን ተቀብሎ ዞር ሲል እጁ ቀጥ አለ።

ሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ድንች ነበረች።

"ማህሌት!"

"አቤት ሼፍ።"

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ምን አጠፋሁ? መቶ ሃያ ግራም ነው... ሦስቱም።"

ጎንበስ ብሎ በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየ። ሁለተኛው ሳህን ማህሌት እጅ ላይ ነው፣ ሙሉ ነው። ገፋችለት። ተቀበለ። ሙሉ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ያ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ አንድ ክንድ ይሆናል። የነሲማ ሳህን ከማህሌት እጅ ሞልቶ ይወጣል፣ ያሬድ እጅ ጎድሎ ይገባል። በመሃል ያለው የግድግዳው ውፍረት ብቻ ነው።

"ሰው አጉድሎ በልቶት ነው እንዳልል..." አለ ያሬድ ለራሱ፣ "ጾመኞች ነን እኮ።"

እኔ አሁንም ቀልድ መስሎኛል። "ነዪ በእኔ ቦታ ተቀመጪ" አልኳት ነሲማን። "ያሬድ፣ የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ ስጠኝ።"

ቦታ ተቀያየርን።

አራተኛው በሮማን ጭማቂ የበሰለ ዶሮ ነው። ገና ሳህን ሳይወጣ ነሲማ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች።

"ግማሽ ማንኪያ ነው።"

"ምኑ?"

"የእኔ።"

የመጀመሪያው ሳህን ለእኔ መጣ። ሙሉ ነው። ሁለተኛው ለዓሊዪ... ሙሉ ነው። ሦስተኛው ወጣ።

ግማሽ ማንኪያ።

ዓሊዪ ሳቁን አቆመ። "እንዴት አወቅሽ?"

ዓይኗን ከመስኮቷ አልነቀለችም።  ወዲያው አንድ ድምፅ ሰማን... ከግድግዳው ውስጥ ነው። ማንኪያ ባዶ ሳህን ሲፍቅ። ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን እየዞረ፣ ምንም ላለማስቀረት።

"ማህሌት፣ ተዪው!" አለ ያሬድ።

"ምኑን?" አለች ማህሌት። "እኔ ምንም አልያዝኩም።"

"ተነሱ እንሂድ" አለ ዓሊዪ። "ይህ ነገር ደስ አላለኝም።"

"አልሄድም" አለች ነሲማ።

"ነሲማ..."

"ሰባቱን ሳልጨርስ አልነሳም። ምናልባት... ሰባተኛው ላይ..." አልጨረሰችውም።

ፊቷን አየሁት። ፈርታለች፣ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደጅ ስትጠና ከርማ በመጨረሻ ስሟ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

"አምስተኛው በጣት የሚላስ ነው" አለች።

አምስተኛው የበግ ሥጋ ነበር። የእኛ ሁለት ሁለት ቁራጭ መጣ። የነሲማ ሳህን ላይ መረቁ ብቻ ተቀብቷል፤ መሃሉ ላይ የአንድ ጣት መስመር አለ። ሰው ጣቱን አሳልፎ ጠርጎታል።

ወዲያው ኪርታቱ ውስጥ ሚዛኑ ወደቀ። ማህሌት በጓሮ በር ሮጣ ወጥታ፣ ግቢውን ዞራ እኛ ያለንበት በር ላይ ቆመች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"እኔ አልመለስም።"

"ምን ሆነሻል?" አለ ያሬድ።

"እጅዎ መስሎኝ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳህኑን ከእጄ የሚቀበለኝ... እጅዎ መስሎኝ ነበር።"

"ታዲያ እኔ ነኛ!"

"አሁን እርስዎ ሁለተኛውን ሳህን ይዘው ለጋሼ ዓሊዪ ሲሰጡ በመስኮቷ አየሁዎት። ጀርባዎን ሰጥተው ቆመዋል። የኔን ሳህን ደግሞ የሆነ እጅ ይዞታል..." አለቀሰች። "ቀጭን ነው። ጥፍሩ ላይ ያረጀ ሂና አለ።"

ሱብሓነላህ። የዓሊዪ ፊት አመድ ሆነ። እናቱ ሲገነዙ ጥፍራቸው ላይ ሂና ነበር፤ ለዒድ ነሲማ የቀባቻቸው።

ኪርታቱ ውስጥ አሁን ማንም የለም። ማህሌት እዚህ አለች። ያሬድ እዚህ አለ። ስድስተኛው አይብ ነበር፤ ገና ማድቤት ውስጥ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

"ስድስተኛው ውሃ ነው" አለች ነሲማ።

ሳህን በድንጋይ ላይ ሲጎተት ሰማን።

በመስኮቷ ወጣ። ብቻውን። ጠርዙ ላይ ደርሶ ቆመ። ማንም ሊያነሳው ስላልደፈረ እኔ ተነስቼ አየሁት።

ውሃ ነበር። ንጹሕ ውሃ፣ ሁለት ጉንጭ የሚሆን።

ዓሊዪ እህቱን ትከሻዋን ይዞ አዞራት። "ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትቆጥሪው?"

ነሲማ አላየችውም። ከእጁ ወጥታ መስኮቷ ሥር ሄደችና ተንበረከከች። ፊቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ተናገረች። ያለችውን ሁሉ ሰምተናል።

"እማ... እኔ ነኝ። ነሲማ ነኝ።"

ጆሮዋን ወደ መስኮቷ አስጠጋች።

"ሦስት ማንኪያ ነበር። እሱም ትንሽ ነበር፣ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ሁለት አደረግሁት። ከዚያ አንድ። ከዚያ ግማሽ..."

"ምን?" አለ ዓሊዪ።

"ትንሽ ስትበላ ትንሽ ነው የማጥበው" አለች፣ አሁንም ወደ መስኮቷ። "አንሶላውን፣ ፍራሹን፣ እሷን... በቀን አራቴ ነበር። ወገቤ አልነሳ ብሎኝ ነበር። ካልበላች አትቆሽሽም። ካልቆሸሸች እተኛለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብዬ ነው... ለአንድ ቀን ልረፍ ብዬ።"

"አልወርድ አላት ብለሽ ነበር!"

"ይወርድላት ነበር።"

ዓሊዪ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ጨምሪልኝ ብላ አታውቅም" አለች ነሲማ። "አንድም ቀን። ሳህኑን አጽድታ ትመልስልኛለች። 'አላህ ይስጥልኝ፣ የማን ልጅ ነሽ?' ትለኛለች። አላወቀችኝም። መንገደኛ ያበላት መስሏት ታመሰግነኝ ነበር። ሰባት ሳምንት... አመሰገነችኝ።"

እጇን በመስኮቷ አስገባች። እስከ ትከሻዋ።

"እማ፣ አፉ በይኝ። ሌላ ምንም አልልሽም። አንዴ ብቻ... አፉ በይኝ።"

ጠበቅን። ጎረቤት አንድ ሕፃን እየሳቀ ሲሮጥ ይሰማል። ፀሐዩ በሩ ላይ ነው። ያሬድ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ጨብጧል፣ እኔ የያሲንን ሱራ እየቀራሁ መስመሩ ይጠፋብኛል።

ነሲማ ድንገት ጮኸችና እጇን አወጣች።

ሳህን ይዛ ነበር። ራሷ አላነሳችውም፣ እጇ ላይ ነው የተቀመጠላት። ነጭ፣ ባዶ ሳህን ነው። ታጥቦ የጸዳ ሳህንና ተልሶ የጸዳ ሳህን ይለያያል፤ አስታማሚ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ያ ሳህን ተልሶ ነበር። ገና እርጥብ ነበር።

ሰባተኛው ይህ ነው። የእማ ዘቢባም ሰባተኛው ሳምንት እንደዚያ ነበር።

ነሲማ መልስ ትጠብቅ ነበር፤ የተሰጣት ያ ሳህን ሆነ። ደረቷ ላይ አቅፋው እስከ ዓስር ሶላት እዚያው ተቀመጠች። ዓሊዪ ትቷት ወጣ።

ያሬድ ቤቱን በሳምንቱ ለቀቀ። ማህሌት ወደ አገሯ እንደተመለሰች ሰማሁ። ኪርታቱ አሁን ድረስ ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውም የሚፈልገው እዚህ ድረስ ነው፤ አስፈሪ መስኮት፣ ሂና ያለው እጅ። ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ነው።

ነሲማ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልሆነችም። ዓሊዪ አላናግራት አለ። "እናቴን በማንኪያ የገደለች" ነው የሚላት፣ ስሟን አይጠራም። በልቶ ብቻ የተመለሰባቸውን የራሱን ዓርቦች ግን አንሥቶ አያውቅም። ብቻዋን ስትወድቅ ጊዜ እኔ አቦከር አምጥቼ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ አስገባኋት። ሰው አመሰገነኝ። "ጀነትን ነው የገዛሽው" አሉኝ።

መጀመሪያ ትራመድ ነበር። ከዚያ ግድግዳ እየያዘች። ዘንድሮ፣ በ2010፣ ከአልጋ አትወርድም። አእምሮዋ ግን ደህና ነው፤ ያ ነው የሚከፋው። ሳህኗን ሳመጣላት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ።

"ዓቢር... አፉ ትለኝ ይሆን?"

"ትልሻለች ኢንሻ አላህ፣ ብዪ" እላታለሁ።

ያቀረብኩላትን ትበላለች። ምንም አታስቀርም። ከዚያ እኔ አጥባለሁ። አንሶላውን፣ ፍራሹን፣ እሷን። በቀን ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ። ዓሊዪ በዚያ በኩል አያልፍም። ወገቤ አሁን አሁን ማታ ማታ አላስተኛ ይለኛል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እውነት ነው። ማንም ሰው ተነስቶ ዛሬ ሰው ላስርብ አይልም። ባለፈው ረመዳን ሦስቱን ጭልፋ ሁለት ተኩል አደረግሁት። ለሆዷ ይቀላታል አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሆነ። ያን ሳምንት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፤ ይህንንም አልዋሻችሁም።

ማክሰኞ ዕለት ነው። ስድስት ሰዓት አልፏል፣ አዛን ብሏል። ማድቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ዓሊዪ ሱቅ ነው፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ናቸው፣ የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

የነሲማን ሳህን አነሳሁ። አንድ ጭልፋ አደረግሁ። ሁለተኛውን ቀዳሁና... ግማሹን ወደ ድስቱ መለስኩት።

"ጨምሪላት።"

ከጀርባዬ ነው። ከጆሮዬ አንድ ስንዝር የማይርቅ።

ጆሮዬ ነው አትበሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ምራታቸው ነበርኩ፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። ዝቅ ያለ ነው፣ ጉሮሮ ውስጥ ትንሽ የሚሻክር። ቁጣ የለውም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ፣ አብሮት ለመጣ ልጅ የሚለምን ሰው አነጋገር ነበር። ለራሳቸው ሰባት ሳምንት ያልለመኑ ሴት።

ዞርኩ። ማንም የለም። በሩ ዝግ ነው። እማ ዘቢባ በሕይወታቸው ይህን ማድቤት ረግጠውት አያውቁም፤ የተሠራው ከሞቱ በኋላ ነው።

ወደ ሳህኑ ስመለስ ሙሉ ነበር። ሦስት ጭልፋ፣ እስከ ጠርዙ። እኔ ልጨምረው አልጨምረው አላውቅም። ጭልፋው ግን ድስቱ ውስጥ አልነበረም። ሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል፣ እጀታው እርጥብ ነው።

ሳህኑን ወሰድኩላት። ነሲማ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ዛሬ በዛ" አለች።

"ብዪ" አልኳት።

በላች። ስትጨርስ እንደልማዷ ጠየቀችኝ። "ዓቢር... አፉ ትለኝ ይሆን?"

መልሱን ይዤ ነበር፤ "ጨምሪላት" ያለች እናት አፉ ብላለች። አምስት ዓመት ሙሉ የምትጠብቀውን መልስ ከሩብ ሰዓት በፊት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፌን ከፈትኩ።

ግን ብነግራት ትጠይቀኛለች። መቼ ነው የተናገረችሽ? ትለኛለች። ምን እያደረግሽ ሳለ?

"ኢንሻ አላህ" አልኳትና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።